የተሠራ ዌብሳይት ልገዛ ነው፤ ባለቤትነቱንና የሕግ ጣጣውን እንዴት ላጣራ?

ከዜሮ ተነስቶ ጎብኚ ከማሰባሰብ፣ ጎብኚ ያለውን ዌብሳይት መግዛት የሚሻልበት ጊዜ አለ። በቴሌግራም ግሩፖች "ቪዚተር ያለው ዌብሳይት ይሸጣል" የሚል ማስታወቂያ ይወጣል። ውጭ ደግሞ እንደ ፍሊፓ ያሉ የዌብሳይት ገበያዎች አሉ። ችግሩ፣ ፓስወርድ የያዘ ሁሉ የመሸጥ መብት የለውም። ቤት ስትገዙ ካርታውን አይታችሁ፣ ዕዳና እገዳ አጣርታችሁ ነው ቀብድ የምትከፍሉት። ለዌብሳይት እንዲህ ሁሉንም የያዘ አንድ መዝገብ ቤት የለም። ማጣራቱ የገዢው ሥራ ነው። ገዢዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልሻለሁ።

"ዌብሳይት ገዛሁ" ስል የገዛሁት በትክክል ምንድን ነው?

ቢያንስ አምስት የተለያዩ ነገሮችን። አንደኛ ዶሜይኑን፣ ማለትም ስሙን። ሁለተኛ ጽሑፉን፣ ፎቶውንና ቪዲዮውን። ሦስተኛ የተሠራበትን ኮድ፣ ቲም (የገጹን መልክ የሚሰጠው ዝግጁ ንድፍ) እና ፕለጊን (ተጨማሪ ሥራ የሚያሠራው ቅጥያ ፕሮግራም)። አራተኛ አብረውት ያሉትን አካውንቶች፦ የቴሌግራም ቻናል፣ የፌስቡክ ገጽ፣ ኢሜይል። አምስተኛ የተጠቃሚዎቹን መረጃ፦ የኢሜይል ዝርዝር፣ ስልክ ቁጥር፣ ማን ምን እንዳዘዘ።

እነዚህ ሁሉ የአንድ ሰው ላይሆኑ ይችላሉ። ዶሜይኑ የሻጩ ይሆንና ጽሑፉ የሌላ ጸሐፊ፣ ቻናሉ ደግሞ የቀድሞ ሸሪኩ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ "ይሄ የማን ነው? በምን ይታወቃል?" የሚለውን ለእያንዳንዱ ለብቻው ጠይቁ። ሆስቲንግ፣ ማለትም ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ሰርቨር፣ አብዛኛውን ጊዜ ኪራይ ስለሆነ ከሽያጩ ውጭ ነው። ፋይሉንና ዳታቤዙን ወደ ራሳችሁ ሆስቲንግ ታዛውራላችሁ።

ሻጩ የዶሜይኑ ባለቤት መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መነሻው የምዝገባ መረጃውን ማየት ነው። የዓለምን የዶሜይን ስሞች ሥርዓት የሚያስተባብረው አይካን በነጻ የሚፈለግበት ገጽ አለው። ድሮ ሁኢዝ የሚባለው ፍለጋ ነው። ለዶት ኮምና ለመሰሎቹ ከ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ አር ዲ ኤ ፒ የሚባለው ተተክቶበታል።

የሰው ስም አገኛለሁ ብላችሁ ግን አትጠብቁ። የአውሮፓ የግል መረጃ ሕግ፣ ጂ ዲ ፒ አር፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ የአብዛኛው ዶሜይን ባለቤት ስም ተሸፍኖ ነው የሚወጣው። ቢሆንም የሚነበብ ነገር አይጠፋም። መጀመሪያ የተመዘገበበት ቀን አለ። የሚያበቃበት ቀን አለ። የመዘገበው ኩባንያ፣ ማለትም ሬጅስትራሩ፣ ስሙ አለ። ሻጩ "ስምንት ዓመት ሠራሁበት" እያለ የምዝገባው ቀን የዛሬ ሁለት ዓመት ከሆነ፣ ወይ ስሙ አንዴ ሳይታደስ ቀርቶ እንደገና ተይዟል፣ ወይ የሚነግራችሁ ልክ አይደለም። መረጃው የተሻሻለበት ቀን ግን ብቻውን አያስደንግጣችሁ፤ ክፍያ ሲታደስም ሰርቨር ሲቀየርም ይለወጣል። "ክላየንት ትራንስፈር ፕሮሂቢትድ" የሚለውም ተራ የጥበቃ ቁልፍ ነው። "ሪደምፕሽን ፔሬድ" (ሳይታደስ ቀርቶ ሊሰረዝ የተቃረበ) ወይም "ሰርቨር ሆልድ" (በመዝገቡ ያዥ የታገደ) የሚል ካያችሁ ግን ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ አንድ ብር አትክፈሉ።

ቀጥሎ ሻጩ በቪዲዮ ጥሪ ወደ ሬጅስትራሩ አካውንት ገብቶ የባለቤቱ ስምና ኢሜይል ያለበትን ገጽ ያሳያችሁ። በስክሪንሾት አትርኩ፣ በቀላሉ ይነካካል። ከዚያ እናንተ የመረጣችሁትን አንድ ቃል በዶሜይኑ ዲ ኤን ኤስ (ስሙ ወደየት ሰርቨር እንደሚመራ በሚገልጸው መዝገብ) ላይ ቲ ኤክስ ቲ ሪከርድ፣ ማለትም ማንም ሊያየው የሚችል አጭር ጽሑፍ፣ አድርጎ እንዲያስገባ ጠይቁት። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ቃሉ ከታየ ሰውየው ዶሜይኑን በእርግጥ በእጁ ይዞታል። የሱ መሆኑን ግን ገና አላሳያችሁም። ያንን የሚያሳየው ወረቀት ነው፦ ያለፉት ዓመታት የእድሳት ደረሰኞች፣ ከሌላ ገዝቶት ከሆነ የገዛበት ውል፣ በደረሰኙና በመታወቂያው ላይ ያለው ስም አንድ መሆኑ።

"ውጭ ያለች እህቴ ናት የመዘገበችልኝ" አለኝ። ችግር አለው?

እኛ ጋ ይሄ በጣም የተለመደ ነው። ከአዲስ አበባ ሆኖ በዶላር ካርድ መክፈል ለብዙዎች ከባድ ስለሆነ፣ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ እህት ወንድም በራሱ ካርድና በራሱ ኢሜይል ይመዘግባል። ሌላው የተለመደው፣ ዌብሳይቱን የሠራው ልጅ "እኔ እጨርሰዋለሁ" ብሎ በራሱ አካውንት መመዝገቡ ነው። ድርጅቱ በየዓመቱ ገንዘቡን ይሰጣል፣ ልጁ ያድሳል፣ ማንም የማን ስም እንዳለበት አይጠይቅም። ጉዱ የሚወጣው በሽያጭ ጊዜ ነው።

ሬጅስትራሩ የሚያውቀው መዝገቡ ላይ ያለውን ስም ብቻ ነው። ገንዘቡን ማን እንደሰጠ፣ ሐሳቡን ማን እንዳመነጨ አያገባውም። ስለዚህ ከፊታችሁ የተቀመጠው ሻጭ እውነተኛው ባለቤት ቢሆን እንኳ፣ መዝገቡ ላይ ያለው ሰው ካልተስማማ የከፈላችሁበት ስም እጃችሁ አይገባም። በዘመዳሞች ወይም በአሠሪና በሠራተኛ ጠብ መሀል ገንዘባችሁን ይዛችሁ ትቆማላችሁ።

መውጫው ሁለት ነው። ወይ ከሽያጩ በፊት ዶሜይኑ በራሱ በሻጩ ስም ይዛወር። ወይ የተመዘገበበት ሰው ራሱ በውሉ ላይ ይፈርም። ውጭ አገር ከሆነ በኤምባሲ በኩል ውክልና መላክ ይችላል። ውክልናው የዶሜይኑን ስም ጠቅሶ የመሸጥ ሥልጣን በግልጽ የሚሰጥ መሆን አለበት። "ጉዳዬን ሁሉ ይፈጽምልኝ" የሚል ጥቅል ቃል ለዚህ አይበቃኝም። "በስልክ አናግሬያታለሁ፣ እሺ ብላለች" የሚለውማ ጭራሽ።

ሻጩ ድርጅት ከሆነስ? ባለትዳር ከሆነስ?

ድርጅት ከሆነ የንግድ ምዝገባውንና ፈቃዱን እዩ። የሚፈርመው ሰው ሥራ አስኪያጅ መሆኑን፣ ይህን ንብረት የመሸጥ ሥልጣን እንዳለው በመመሥረቻ ጽሑፉ ወይም በቃለ ጉባኤ አረጋግጡ። ሁለት ሸሪኮች ኖረው አንዱ ብቻ ሊሸጥላችሁ ከመጣ የሌላው ፊርማ ሳይኖር አትሂዱ። አንድ ነገር ደግሞ ለዩ፦ ዌብሳይቱን ነው ወይስ ድርጅቱን በሙሉ ነው የምትገዙት? ድርጅቱን ከገዛችሁ የግብር ዕዳውም ክሱም አብሮ ይመጣል።

ትዳርን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የባልና የሚስት ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። 500 ብር! ዌብሳይት በየትኛው የንብረት ዓይነት ይመደባል የሚለው ለጠበቃ የሚያከራክር ነገር ነው። እናንተ ግን ክርክሩ ውስጥ ከምትገቡ አንዲት ፊርማ ጨምራችሁ ብትገላገሉ ይሻላል።

የተሰረቀ ዶሜይን ገዝቼ ብገኝስ?

ዶሜይን ይሰረቃል። ታዋቂው ታሪክ የሴክስ ዶት ኮም ነው። ጌሪ ክሬመን የተባለ አሜሪካዊ በ1994 እ.ኤ.አ. ስሙን አስመዘገበ። በ1995 ስቲቨን ኮኸን የተባለ ሰው ሐሰተኛ ደብዳቤ ጽፎ ለመዝጋቢው ኩባንያ ለኔትወርክ ሶሉሽንስ አቀረበ። ደብዳቤው ክሬመን ከሥራ እንደተባረረና ድርጅቱ ስሙን ለመተው እንደወሰነ ይናገራል። ኩባንያው ክሬመንን ደውሎ እንኳ ሳይጠይቅ ስሙን ለኮኸን አዛወረ። ክሬመን ዓመታት ተከራክሮ ስሙን አስመለሰ። 65 ሚሊዮን ዶላርም ተፈረደለት፤ ኮኸን ግን ወደ ሜክሲኮ ሸሸ። በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዶሜይን እንደማንኛውም ንብረት ሊነጠቅና ሊመለስ የሚችል ንብረት ነው ሲል ወሰነ።

ለገዢ ትርጉሙ ግልጽ ነው። እውነተኛው ባለቤት ከመጣ "እኔ ሳላውቅ ነው የገዛሁት" ማለት ብቻውን ላያድን ይችላል። ዛሬ ስርቆቱ በደብዳቤ ሳይሆን በኢሜይል ጠለፋ ነው የሚመጣው። ዶሜይኑ ከሳምንታት በፊት ሬጅስትራር ከቀየረ፣ ዋጋው ከገበያው እጅግ ከረከሰ፣ ሻጩም ከተቻኮለ ሦስቱ አንድ ላይ መምጣታቸው ያሳስበኛል። በዌብሳይቱ ላይ በቆየው ስልክ ወይም "ያግኙን" ገጽ፣ በፌስቡክ ገጹም በኩል መልእክት ላኩና "ሽያጭ ላይ ናችሁ እንዴ?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ሰው ይሄን ቀላል ነገር ይዘለዋል።

ስሙ የሌላ ድርጅት ንግድ ምልክት ከሆነ ምን ይመጣብኛል?

ስሙን ያለ ምንም ካሳ ልታጡ ትችላላችሁ። ዶት ኮምን ለመሰሉ ዶሜይኖች ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩ ዲ አር ፒ የሚባል የክርክር ሥርዓት አለ። የንግድ ምልክት ባለቤቱ በዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት፣ በዋይፖ፣ በኩል አቤት ይላል። ከ1 እስከ 5 ዶሜይን ለሚነሳና አንድ ዳኛ ለሚያየው ጉዳይ የዋይፖ ክፍያ 1,500 ዶላር ነው፤ ለትልቅ ድርጅት ምንም አይደለም። ሦስት ነገር ማሳየት አለበት። ስሙ ከምልክቱ ጋር አንድ ወይም የሚያደናግር መሆኑን፣ የያዘው ሰው በስሙ ላይ መብት እንደሌለው፣ ስሙም በክፉ ልቦና ተመዝግቦ በሥራ ላይ መዋሉን። ካሸነፈ ስሙ ይሰረዛል ወይም ለሱ ይዛወራል።

ገዢዎችን የሚያሳስታቸው እዚህ ላይ ነው። "ስሙ ከምልክቱ በፊት ነው የተመዘገበው፣ ስለዚህ አይነካኝም" ይላሉ። ዳኞቹ ግን ስሙ ወደ አዲስ ሰው ሲዛወር እንደ አዲስ ምዝገባ ነው የሚያዩት። ልቦናችሁ የሚመዘነው እናንተ በገዛችሁበት ቀን ነው። ሻጩ በቅንነት የያዘው ስም፣ ምልክቱ ከታወቀ በኋላ ስትገዙት በእናንተ እጅ እንደ ክፉ ልቦና ሊቆጠር ይችላል።

ስለዚህ ስሙን በዋይፖ የንግድ ምልክቶች ዳታቤዝ ፈልጉ፣ በነጻ ነው። ሥራው ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ አስፈትሹ። ሻጩ "ምልክቱን አስመዝግቤያለሁ" ብሎ ሰርተፊኬት ቢያሳያችሁ ቀኑን እዩ፤ በእኛ ሕግ ጥበቃው 7 ዓመት ሆኖ የሚታደስ ነው። ሰርተፊኬቱ የሻጩ ከሆነም ምልክቱን ለብቻው በጽሑፍ ያዛውርላችሁ። የባንክ፣ የአየር መንገድ ወይም የታወቀ ምርት ስም በውስጡ ያለበትን ዶሜይን ግን፣ በእኔ እምነት፣ በርካሽም አትግዙ።

ጽሑፉና ፎቶው የሻጩ መሆኑን እንዴት ላረጋግጥ?

ብዙ ገዢ የሚዘለው፣ ብዙ ጣጣም የሚመጣበት ቦታ ይሄ ነው። ጽሑፍ ጥበቃ የሚያገኘው ስለተመዘገበ ሳይሆን ስለተጻፈ ነው። በእኛው አገርም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንዲሁ ነው የሚለው። ሻጩ ጸሐፊዎችን ከፍሎ አጽፎ ከሆነ ውላቸውን ጠይቁ። በአሜሪካ ሕግ ተቀጣሪ ያልሆነ ጸሐፊ መብቱን በጽሑፍ ካላስተላለፈ፣ ገንዘቡን የከፈለው ሰው የጽሑፉ ባለቤት ሆነ ማለት አይደለም።

ብዙ ጎብኚ ከሚያመጡት ገጾች ጀምሩ። ከእያንዳንዱ አንድ ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ቅዱና በጥቅስ ምልክት ውስጥ አስገብታችሁ ጎግል ላይ ፈልጉ። በሌላ ገጽ ቀድሞ ወጥቶ ካገኛችሁት ተገልብጧል። ከእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የቀረበ ጽሑፍ በዚህ አይያዝም፤ እሱን በርዕሱና በፎቶው ነው የምታገኙት። ፎቶዎቹን በጎግል ሌንስ ወይም በቲን አይ ፈልጉ። የፎቶ ኤጀንሲዎች ምስላቸውን እያደኑ የክፍያ ጥያቄ ይልካሉ። ጥያቄው የሚመጣው ደግሞ ዛሬ ገጹን ለያዘው ሰው ነው። በአሜሪካ ፍርድ ቤት፣ ሥራውን በጊዜው ላስመዘገበ ባለመብት በአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር ሊወሰን ይችላል፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ከሆነ እስከ 150,000።

ሉመን የሚባል የሕዝብ ዳታቤዝም አለ። ጎግል የሚደርሱትን "ይሄን ገጽ አንሱልኝ" የሚሉ የቅጅ መብት አቤቱታዎች እዚያ ያስቀምጣል። የዶሜይኑን ስም አስገብታችሁ ፈልጉ። አቤቱታ የተከመረበት ዌብሳይት ታሪኩ እዚያው ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

የዘፈን ግጥም፣ የፊልም ማውረጃ፣ የመጽሐፍ ፒ ዲ ኤፍ የሚያቀርቡ ገጾች ጎብኚያቸው ብዙ ነው፣ ዋጋቸውም ያማልላል። ግን ጎብኚው የሚመጣው የሰው ንብረት ፍለጋ ነው። ያንን ከገጹ ስታነሱት ጎብኚውም ይሄዳል። ደራሲውና ዘፋኙ የለፉበትን ነገር በገንዘብ ገዝቶ መቀጠልም ልክ አይደለም።

ቲምና ፕለጊንስ?

ዝርዝር ጠይቁ፦ የትኛው ተገዝቷል፣ በማን አካውንት፣ ፈቃዱ ወደ ሌላ ሰው ይዛወራል ወይ? ብዙ ጊዜ አዲስ ፈቃድ መግዛት ይቀላል። "ነልድ" የሚባሉት፣ ማለትም ፈቃዳቸው ተሰብሮ በነጻ የሚወርዱት፣ ካሉ ግን ዋጋው ይውረድ። ብዙዎቹ ስውር ኮድ ይዘው ነው የሚመጡት። የገጹን ሁኔታ በጎግል ሴፍ ብራውዚንግ እዩ፣ ፋይሎቹንም ባለሙያ ይፈትሽ።

50 ሺህ ኢሜይል አብሮ ይሸጣል ቢለኝ ጥሩ አይደለም?

እኔ እዚህ ላይ ነው ቀስ የምለው። እነዚያ ሰዎች ኢሜይላቸውን የሰጡት ለሻጩ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ቶይስማርት የተባለ የአሜሪካ የመጫወቻ መሸጫ ሲከስር የደንበኞቹን ዝርዝር ለሽያጭ አቀረበ። በግላዊነት ፖሊሲው ግን "መረጃችሁን ለሦስተኛ ወገን በጭራሽ አንሰጥም" ብሎ ነበር። የአገሪቱ የንግድ ኮሚሽን ከሰሰው። ዝርዝሩም በመጨረሻ እንዲጠፋ ተደረገ። ስለዚህ መጀመሪያ የሻጩን የግላዊነት ፖሊሲ አንብቡ፤ በኢንተርኔት አርካይቭ የቆየውን ቅጂም ጭምር።

አሁን በኢትዮጵያም ሕግ አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ተጠቃሚዎቹ ስቶክሆልም ወይም ፍራንክፈርት ያሉ ወገኖቻችን ከሆኑ ደግሞ ጂ ዲ ፒ አርም ሊነካችሁ ይችላል።

ያለፈ የመረጃ ስርቆትም ይወረሳል። ማሪዮት ስታርዉድ የተባለውን የሆቴል ኩባንያ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲገዛ ሰርጎ ገቦች ከ2014 ጀምሮ በስታርዉድ ሲስተም ውስጥ ተቀምጠው ነበር። የታወቀው በ2018 ነው። የእንግሊዝ የመረጃ ኮሚሽነር በ2020 እ.ኤ.አ. 18.4 ሚሊዮን ፓውንድ የቀጣው ገዢውን ማሪዮትን ነው። የእናንተ ግዢ ትንሽ ነው። ቢሆንም "ተጠልፋችሁ ታውቃላችሁ? መቼ? ለተጠቃሚዎቹ ነገራችኋቸው?" የሚለውን ጠይቁና መልሱን በውሉ ውስጥ አስገቡት።

አድሴንሱ፣ ቴሌግራሙና ፌስቡኩ አብረው ይመጣሉ?

አድሴንስ፣ ማለትም ገጹ ላይ ማስታወቂያ አውጥቶ የሚከፍለው የጎግል አገልግሎት፣ አካውንቱ አይዛወርም። "ከነአድሴንሱ" የሚል ማስታወቂያ የጎግልን ደንብ የሚጥስ ነገር ነው የሚሸጥላችሁ። በራሳችሁ አካውንት ነው ዌብሳይቱን የምታስገቡት። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ገጹ ላይ የማስታወቂያ እገዳ አለ ወይ ብላችሁ ሻጩ በቪዲዮ ጥሪ ላይ የአድሴንሱን ፖሊሲ ሴንተር (የደንብ ጥሰት የሚታይበትን ገጽ) እንዲከፍትላችሁ አድርጉ።

የቴሌግራም ቻናል ባለቤትነት በሥርዓቱ ይዛወራል። ሻጩ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ካበራ ቢያንስ 7 ቀን ሊሆነው ይገባል፤ ስለዚህ ቀደም ብሎ ያብራው። አድሚን መደረጋችሁ አይበቃም፤ "ኦነር" የሚለው በእናንተ ስም መሆን አለበት። የፌስቡክ ገጽም እንዲሁ፣ ሙሉ ቁጥጥር ተሰጥቷችሁ የቀድሞዎቹ ይውጡ። የሰው የግል ፌስቡክ አካውንት ግን አይገዛም።

ስሙ ያለፈ መጥፎ ታሪክ እንዳለው የት አያለሁ?

ዌይባክ ማሽን ላይ። የኢንተርኔት አርካይቭ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገጾችን እየቀዳ ያስቀምጣል። ዓመት በዓመት ክፈቱ። ዛሬ የምግብ አሠራር የሚያስተምር ገጽ የዛሬ አራት ዓመት የቁማር ማስታወቂያ የሞላበት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ከዚያ ዌብሳይቱ በጎግል ፍለጋ ላይ ያለውን ሁኔታ ለባለቤቱ በሚያሳየው በሰርች ኮንሶል ለማየት ብቻ የሚያስችል ፈቃድ ጠይቁ። "ማኑዋል አክሽንስ" የሚለው፣ የጎግል ቅጣት የሚጻፍበት ገጽ ባዶ መሆን አለበት። ጎግል ከማርች 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ጊዜው ያለፈበትን ዶሜይን ለድሮ ስሙ ብቻ ሲባል ገዝቶ እርባና የሌለው ጽሑፍ መሙላትን እንደ ስፓም ይቆጥረዋል። የጎብኚ ቁጥርንም ጎብኚ በሚቆጥረው መሣሪያ፣ በአናሊቲክስ፣ ውስጥ ራሳችሁ ገብታችሁ እዩ።

የዜና ዌብሳይት ከሆነ የተለየ ነገር አለ?

አለ። በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የኦንላይን መገናኛ ብዙኃን በኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን መመዝገብ አለባቸው። የሻጩ ምዝገባ ለእናንተ ይሠራል ብላችሁ አትገምቱ፣ ባለሥልጣኑን ጠይቁ። የቆዩ ጽሑፎችም አሉ። ስም ያጠፋ ዘገባ በእናንተ ገጽ ላይ እየተነበበ ከቀጠለ ጥያቄው ወደ እናንተ መምጣቱ አይቀርም። የተከፈተ ክስ ወይም የደረሰ ማስጠንቀቂያ ካለ ሻጩ በጽሑፍ ይንገራችሁ።

ዶሜይኑ ዶት ኢቲ ወይም የሌላ አገር መለያ ቢሆንስ?

የአገር መለያዎች የየራሳቸው ደንብ አላቸው። የዶት ኢቲ ምዝገባ በኢትዮ ቴሌኮም እጅ ነው፤ የማዛወር ሂደቱን ከሻጩ ጋር አብራችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። ሌሎቹ ላይም ማን መያዝ ይችላል የሚለውን እዩ። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ፣ በዚያ የሚኖሩና የኅብረቱ ዜግነት የሌላቸው ሰዎች ከጃንዋሪ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዶት ኢ ዩ ስሞቻቸውን የመያዝ መብት አጥተዋል።

ውሉ ውስጥ ምን ይግባ?

የሚሸጠው ነገር በዝርዝር፣ በስሙ። "ዌብሳይቱ ከነሙሉ ንብረቱ" የሚል አንድ መስመር ለጠብ በር ይከፍታል። ዶሜይኑ፣ የጽሑፍና የፎቶ መብቱ፣ የንግድ ምልክቱ፣ አካውንቶቹ አንድ በአንድ ይጻፉ። ሻጩ ንብረቱ የራሱ መሆኑን፣ ዕዳ፣ እገዳና ክስ እንደሌለበት ያረጋግጥ። ከሽያጩ በፊት በተፈጸመ ነገር ጥያቄ ቢመጣ ወጪውን እንደሚሸፍን ይፈርም። ያንኑ ዓይነት ዌብሳይት ነገ በሌላ ስም ከፍቶ ጎብኚውን እንዳይወስድ የጊዜ ገደብ ይቀመጥ። ክርክር ቢነሳ የትኛው አገር ሕግ እንደሚሠራ ይጻፍ፤ ሻጭ ቶሮንቶ፣ ገዢ አዳማ ሲሆኑ ይሄ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ገንዘቡ ከበድ ካለ ለጠበቃ የምትከፍሉት ገንዘብ አያስቆጫችሁም።

ገንዘቡን መቼና እንዴት ልክፈል?

ቀድማችሁ ሙሉውን አትክፈሉ፤ ሻጩም ቀድሞ ሁሉንም እንዲያስረክብ አትጠብቁ። ለዚህ ነው ኤስክሮው ያለው። ገንዘቡ በሦስተኛ ወገን ዘንድ ይቀመጣል፣ ዶሜይኑ በእጃችሁ ሲገባ ለሻጩ ይለቀቃል። ኤስክሮው ዶት ኮም ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ሥራ ላይ ነው። ስሙን አስመስለው የሚከፈቱ ሐሰተኛ ገጾች ስላሉ ግን ሻጩ የላከላችሁን ሊንክ አትንኩ፣ አድራሻውን ራሳችሁ ጻፉት።

አገር ውስጥ ከሆናችሁና ግዢው በብር ከሆነ ከፋፍላችሁ ክፈሉ። ውል ሲፈረም ቀብድ፣ ዶሜይኑ ሲዛወር ዋናው፣ ጽሑፉና አካውንቶቹ ሲጠናቀቁ ቀሪው። በባንክ ይሁን፣ ምክንያቱም ይጻፍበት። ወደ ውጭ የሚሄድ ክፍያ ከሆነ ሕጋዊ መንገዱን አስቀድማችሁ ባንካችሁን ጠይቁ። በጥቁር ገበያ የተላከ ገንዘብ ክርክር ሲመጣ ከፍያለሁ ብላችሁ የምታሳዩት ማስረጃ አይሆናችሁም።

ዶሜይኑ የሚዛወርበት ፈጣኑ መንገድ፣ በሻጩ ሬጅስትራር ዘንድ እናንተም አካውንት ከፍታችሁ እዚያው ውስጥ ለውስጥ ማሻገር ነው። ወደ ሌላ ሬጅስትራር ለመውሰድ የማዛወሪያ ኮድ ያስፈልጋል። አዲስ ከተመዘገበ፣ ከተዛወረ ወይም የባለቤቱ ስም ከተቀየረ ደግሞ ለ60 ቀን ሊቆለፍ ይችላል። ሻጩ ቁልፉን እንደ ሰበብ ካነሳ ቀኑን በአር ዲ ኤ ፒ አመሳክሩት።

"ሌላ ገዢ አለ፣ ዛሬ ወስን" ቢለኝስ?

ይሽጥለት። ማጣራትን የማይወድ ሻጭ ለምን እንደማይወድ እሱ ያውቃል።

ከተረከብኩ በኋላ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

በሬጅስትራሩ አካውንት ላይ ኢሜይሉና ስልኩ የእናንተ መሆኑን እዩ፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ፤ ዶሜይኑን ቆልፉት፤ አውቶማቲክ እድሳቱን አስተካክሉ። ከዚያ የዌብሳይቱን አድሚኖች ዝርዝር ክፈቱና የማታውቁትን ስም ሁሉ አውጡ። የሆስቲንግ፣ የዳታቤዝና የኤፍ ቲ ፒ (ፋይል ወደ ሰርቨሩ የሚጫንበት መንገድ) ፓስወርዶችን ቀይሩ። በዶሜይኑ የተከፈቱ ኢሜይሎችን አንድ በአንድ እዩ፤ የድሮ ሠራተኛ አሁንም ደብዳቤ እየተቀበለበት ሊሆን ይችላል። የግላዊነት ፖሊሲው ላይ አዲሱን ባለቤት ጻፉ፣ ለተጠቃሚዎቹም ለውጡን አሳውቁ፤ መቀጠል የማይፈልግ ስሙን የሚያስወጣበት መንገድ ይኑረው። ውሉን፣ ደረሰኞቹንና የቪዲዮ ጥሪውን ቅጂ አንድ ቦታ አስቀምጡ። ነገ እናንተም ስትሸጡት ገዢው የሚጠይቃችሁ እነዚህኑ ነው።